«ቻክ» ሁሉ ውርወራ አይደለም

ክቡራንና ክቡራት፣ የትርጉም ባለሙያዎችና የቴክኒክና ሙያ መምህራን፤ እንኳን ለዓለም አቀፉ የትርጉም ቀን አደረሳችሁ።

የቆምኩት ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ልናገር ነው፤ ስለ «ቻክ» (chuck)። ብዙዎቻችን «ወረወረ» ብለን እናልፋታለን። ጦር ወርዋሪ ግን «ቻክ» አያደርግም። ቃሉ የሰፈር ቃል ነው፤ ሳያነጣጥሩ፣ ሳይጨነቁ መጣል ነው። ከ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ትርጉም ተጽፎ ይገኛል፤ በዚያው ዘመን የሰውን አገጭ ከሥር መታ ማድረግም «ቻክ» ይባል ነበር። አማርኛችን ለዚህ አይቸገርም። «ቁልፉን ወርወር አድርጊልኝ» ስንል ያ ቅለት ሙሉ በሙሉ አለ። ሥራውን «ቻክ» አደረገ ከተባለ፣ እርግፍ አድርጎ ተወው ነው። አሮጌ ጫማ ከሆነ አሽቀንጥሮ ጣለው። እንግሊዞች ስለ ዝናብ ሲሉት ደግሞ «ያወርደዋል» ነው። በአራቱም ቦታ «ወረወረ» ብሎ የጻፈ ሰው አልተረጎመም!

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ብረት እያዞሩ በሚቀርጹበት በቶርኖ ቤት ያለው «ቻክ» ነው። እዚያ ቃሉ አንቆ መያዣ ነው። ሥሩም ሌላ ነው፤ ሽብልቅ ወይም ጉማጅ እንጨት ማለት ከሆነው «ቾክ» የመጣ። ባለ ሦስት መንጋጋው ክብና ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት ይይዛል፤ መንጋጋዎቹ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ብረቱ ራሱ መሀል ይገባል። የባለ አራቱ መንጋጋዎች ለየብቻ ስለሚጠብቁ ቅርጹ ላልተስተካከለ ብረት ይሆናል፤ መሀል ማስያዙ ግን ጊዜ ይወስዳል። የድሪሉ ቻክ ቁልፍ የሚገባባቸው ሦስት ቀዳዳዎች አሉት። በሦስቱም ዙሮ ማጥበቅ ነው፤ በአንዱ ብቻ የጠበቀ ፑንታ (መብሻው ብረት) ሥራ ላይ ይንሸራተትና አንገቱ ይፋቃል።

ከሁሉ የከፋው ቁልፉን ቻኩ ላይ ረስቶ ማሽኑን ማስነሳት ነው። ቁልፉ ተስፈንጥሮ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ይመታል። ይህን የሚከለክለውን የማሽን መመሪያ «ቁልፉን አትወርውር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሠልጣኙን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጣል! ሠራተኛው ራሱ «ቻክ» እያለው እኛ ምን አዲስ ስም ያስፈልገናል? «ቻክ» ብላችሁ ጻፉ!

ሌላው አጭር ነው። በሥጋ ቤት ከአንገት እስከ ወርች ያለው የበሬ ሥጋ «ቻክ» ነው። «ዉድቻክ» የሰሜን አሜሪካ አውሬ ነው፤ ስሙ ከአገሬው ነባር ቋንቋዎች የተወሰደ ስለሆነ እንጨትም ውርወራም የለበትም። ክሪኬት በሚባለው የኳስ ጨዋታ ደግሞ ክንዱን አጥፎ ኳሷን ሲለቅ ክርኑን ከ15 ዲግሪ በላይ የሚዘረጋ ተጫዋች «ቻከር» ይባላል፤ እዚያ ቃሉ ክስ ነው።

አመሰግናለሁ።