ሲሶውን ስንጫወት ኖረን

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ፒንቦል፣ ኳስ አስፈንጥረው እንዳትወድቅ ስለሚመልሱበት የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። አዎ፣ ያ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የነበረው፣ የጠፈሩ።

ስፔስን ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ ማስፈንጠሪያው ወደ ታች ይሳባል፣ ስትለቁት ኳሷ ተፈናጥራ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ሥራው የሁለት ጣት ነው። ኳሷን ወደ ላይ የሚመልሱት ሁለቱ ክንዶች ፍሊፐር ይባላሉ፤ ግራው በዜድ፣ ቀኙ በስላሽ። ኪቦርዴ ላይ ከፊደሎቹ ሁሉ ቀድሞ የተፋቀው ዜድ ነበር።

ለዓመታት ኳስ እንዳትወድቅ መከላከል ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥርዓት አለው! መጀመሪያ የተልዕኮ ዒላማዎቹን ትመታላችሁ። ከዚያ ኳሷን ወደ መወጣጫው ስትልኳት ተልዕኮውን ተቀበላችሁ ማለት ነው። ተልዕኮ እየፈጸማችሁ ማዕረግ ታገኛላችሁ። ከካዴት እስከ ፍሊት አድሚራል 9 ማዕረግ አለ። እኔ ሌተናንት ላይ ቀረሁ። አትሳቁ።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን በኋላ የሰማሁት ነው። ለካ ጨዋታው ጎዶሎ ነው። ሲኒማትሮኒክስ የሚባል ኩባንያ ሠርቶት ማክሲስ የሚባል ሌላ ኩባንያ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፉል ቲልት ፒንቦል ሦስት ጠረጴዛ፣ ማለትም ሦስት የተለያየ መጫወቻ፣ ነበረው። ከዊንዶውስ ጋር የመጣልን አንዱ፣ የጠፈሩ ስፔስ ካዴት ብቻ ነው። የባሕር ወንበዴዎቹ ስከልደገሪ እና የዘንዶው ድራጎንስ ኪፕ ቀርተዋል።

ስፔስ ካዴትም ቢሆን ከኤክስፒ ቀጥሎ በመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ላይ የለም። የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን እንደነገረን፣ ጨዋታውን 64 ቢት ወደሚባለው አዲስ የኮምፒውተር ዓይነት ሲያዞሩት ኳሷ ነገር መንካት ተወች። እንደ መንፈስ በሁሉም ውስጥ ታልፋለች። ማስፈንጠሪያው ላይ እንኳ አታርፍም፣ በቀስታ ቁልቁል ትወርዳለች። እስኪ አስቡት!

ታዲያ የወንበዴዎቹን ጠረጴዛ ፈልጌ ከፈትኩት። ቁልፎቹ ያው ናቸው፣ ጣቶቼ ግን እምቢ አሉ። ጠፈሩ ላይ ኳሷ ከየትኛው ባምፐር ነጥራ የት እንደምትወርድ ገና ሳትደርስ አውቃለሁ። እዚህ ግን በሰው ቤት መብራት የጠፋበት እንግዳ ሆንኩ። አንዱን ነገር መታሁ፣ የሆነ ድምፅ ጮኸ፣ ምን እንዳደረግኩ አልገባኝም። ኳሷ በሁለቱ ፍሊፐሮች መሃል ሹልክ።

ዘንዶውን ገና አልከፈትኩትም። ትናንት ማታ ወንበዴዎቹን ደግሜ ሞከርኩ፣ ሦስቱም ኳሶቼ ሻይዬ ሳይበርድ አለቁ።