«ማሬ» እንበል ወይስ «ውድ ጓደኛዬ»?

(በኒውካስል የአማርኛ ዘፈን ወዳጆች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዳራሹን በቅናሽ ላከራዩን፣ ቡናውን ላፈሉልን እህቶች፣ ድፎውን ከጌትስሄድ ድረስ ተሸክመው ላመጡት እትዬ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ስሙን የዘለልኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ። ማሞቂያው በሰዓት ነው የሚቆጥርብን።

የሠራነውን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ መቼም ብዙ አይደለም። አሥር ጊዜ ተሰብስበናል። የዚህን አካባቢ አራት ዘፈን ወደ አማርኛ መልሰናል፤ አምስተኛው ግማሹ ላይ ቆሟል። በፌብሩዋሪ ጀዝመንድ ወዳለው አሮጌው መካነ መቃብር ሄደን የዘፈን ደራሲውን የጆ ዊልሰንን መቃብር አይተናል። አምስት ሰው ነበርን፤ ዝናቡም አልራራልንም። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግን ሠላሳ አንድ ሰው ልብ ላከልን። እናመሰግናለን። ልብ ግን ጃንጥላ አይይዝም።

ለአዲስ እንግዶች፦ የምንሠራበት መጽሐፍ የቶማስ አላን የታይንሳይድ፣ ማለት የዚህ የታይን ወንዝ ዳር፣ ዘፈኖች ስብስብ ነው። አላን እዚሁ ኒውካስል መጽሐፍ ሻጭ ነበር። መጀመሪያ በ1862 ትንሽ አድርጎ አወጣው። እያከለ እያከለ በ1891 ከ500 ገጽ በላይ የሆነው ትልቁ እትም ወጣ። ዘፈኖቹ በዚህ አካባቢ ዘዬ፣ ጆርዲ በምንለው አነጋገር የተጻፉ ናቸው። እኔ መጽሐፉን የምወደው ግን በሌላ ነገር ነው። ዘፈን ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ «የሕዝብ ነው» ይልና ባለቤቱን ይረሳዋል። አላን ግን ይህን የጻፈው እገሌ ነው፣ ሥራው ይህ ነበር፣ መልኩም ይኸው ብሎ ሥዕሉን ሳይቀር ያስገባል። ጆርጅ ሪድሊን ያገኘነው እዚያ ነው። የጌትስሄድ ልጅ ነው፤ በ8 ዓመቱ የከሰል ጉድጓድ ገባ። በኋላ የከሰል ፉርጎ ጎድቶት ከባድ ሥራ ሲያቅተው ዘፋኝ ሆነ። በ1864 ሲሞት ገና 30 አልሞላውም። ዛሬ ስታዲየም ሙሉ ሰው የሚጮኸውን «የብሌይደን ፈረስ ግልቢያ» የሠራው እሱ ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ጉዳዩ። ዓመቱን ሙሉ ያባላን አንድ ቃል ነው። ሂኒ።

ጆ ዊልሰን አንድ ዘፈን አለው። ሁለት ወንዶች አንድ አልጋ ይጋራሉ። አንደኛው በህልሙ ከሚወዳት ልጅ ጋር ሽር ብትን ይላል። ሌላው በእንቅልፍ ልቡ ይራገጣል። ህልመኛው ጓደኛውን ጆርጅን አቆላምጦ «ጆርዲ ሂኒ፣ እግርህን ሰብስብ፣ ህልሜን አታበላሽብኝ» እያለ ይለምነዋል። እስቲ ከመካከላችን እዚህ አገር ሲገባ አንድ ፍራሽ ለሁለት ያልተጋራ እጁን ያውጣ። ... ያው፣ አላልኳችሁም?

ሂኒ ማለት ማር ነው። የዚህ አገር ሰው ሚስቱንም፣ ልጁንም፣ አብሮት የሚውለውንም ሂኒ ይላል። እኛም «ማሬ» እንላለን። እንዲህ ያለ ዕድል ለተርጓሚ ስንት ጊዜ ይገጥመዋል? ቃሉ ራሱ በሩን አንኳኩቶ መጣ! ከኮሚቴያችን ግማሹ ግን ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? «ውድ ጓደኛዬ ጆርጅ፣ እባክህ እግሮችህን ከማንቀሳቀስ ተቆጠብ።» እኔ የቤት አከራይ ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

የነሱንም ልናገር፤ ሊቀመንበር ነኝና ማዳላት የለብኝም። (አዳላለሁ፣ ግን ልናገር።) ልጆቻችን የሚያውቁት አማርኛ የቤትና የቴሌቪዥን ነው፣ የገጠር አነጋገር ከጨመርንበት ጭራሽ ይጠፋባቸዋል ነው የሚሉት። ይህ እውነት አለው። ቀጥለው «የማን ዘዬ ነው የሚመረጠው?» አሉ። እሳቱ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። ከወሎ የሆነችው እህታችን «አብሽር» የሚል አስገባች፤ በማግስቱ ተሰርዞ አገኘችው። የጎጃሙ «አያ ጆርዲ» አለ፤ «ጆርዲን ገበሬ አደረግኸው» ተባለ። ገበሬ ቢሆንስ ምን ነውር አለው?

እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። እነ ሪድሊና ዊልሰን እንደ ለንደን ጋዜጣ መጻፍ አቅቷቸው አይደለም። ዊልሰን የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ፊደል መልቀም እንጀራው ነው። ዘዬውን መርጦ ነው የጻፈው። ደግሞ ለዘዬው ቋሚ አጻጻፍ ስላልነበረው ሁሉም ጆሮው እንደሰማው ጻፈ። አላንም በየጸሐፊው ስም አስቀመጠው። የወሎዋ በወሎ ትመልስ፣ የጎጃሙም በጎጃም ይመልስ፣ የአዲስ አበባው በአራዳው ይሞክረው። ከግርጌ ስማችሁን እጽፍላችኋለሁ።

ይህን ሐሳብ በሜይ አቅርቤ ነበር። ያኔ አንድ ወንድማችን የስድስት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላከ። «ማኅበሩ አማርኛን እያበላሸ ነው» አለ። ሁለተኛም ላከ፤ አራት ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልመጣም። ዛሬም የለም፤ ወንበሩን ግን ይኸው አስቀምጬለታለሁ። ወንድሜ፣ ይህን ቅጂ እንደምትሰማው አውቃለሁ። አሥር ደቂቃ ተቆጥተህልናል። ሁለት ሰዓት መጥተህ ብትቆጣን ደግሞ አንድ ዘፈን እንጨርስ ነበር። አማርኛህ ከሁላችንም ይሻላል። ይህን የምለው ለሽንገላ አይደለም፤ የአራተኛውን ዘፈን ሦስተኛ አንጓ ያቃናኸው አንተ ነህ።

ገንዘብ። መዋጮ የከፈለው አሥራ አንድ ሰው ነው። አዳራሹን የሁለት ወር አላሟላንም። ዝርዝሩን ገንዘብ ያዣችን ያነብላችኋል፤ እኔ ካነበብኩት ስም መጥራት ያምረኛል።

ደግሞ አባቶች። ከመለስናቸው ዘፈኖች አንዱ ሕፃን ታቅፎ እናቱ እስክትመጣ መከራውን የሚያይ አባወራ ነው፤ እሱም የዊልሰን ነው። ሴቶቹ ሲዘፍኑት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ወንዶቻችን ግን «ልጅ የሚይዝልን ስላጣን ነው» ብለው ቀሩ። እኔ ምንም አልጨምርም።

የቀረን አምስተኛው፣ የብሌይደኑ ነው። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጁን 9፣ 1862፣ ሕዝቡ ባልምብራ ከሚባለው የኒውካስል ሙዚቃ ቤት በፈረስ አውቶቡስ ተጭኖ ወጣ፤ የአርምስትሮንግን ፋብሪካ አለፈ፤ ወደ ባቡር ድልድዩ ሲወርድ መንኮራኩሩ ወለቀ። የኛም ትርጉም እዚያው ድልድይ ላይ ቆሟል። ኮረሱን ሁሉም ሰው ይወደዋል፤ ለኮረሱ ይመጣና ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ከመንኮራኩሩ በኋላ ያለውን የሚመልስ ጠፋ። ተሳፋሪዎቹ ግን እዚያ አልቀሩም፤ የተጎዱት ወደ ኋላ ቢመለሱም፣ የቀሩት መንኮራኩሩን አስገጥመው ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ወረቀቱ አሁን ይታደላችኋል። «ማሬ» የሚለውን በእርሳስ ነው የጻፍኩት፤ ላጲሱ እትዬ ጋ ነው። ከቡና በፊት እጅ አውጥተን እንወስናለን። ከቡና በኋላ ካልኩማ ማን ይቀራል?