አምቦ፣ ሎሚና ጣፋጭ የለመደ ምላስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት ስኳር ስለሌለው ለስላሳ ነው፤ ያውም ቤት ውስጥ ስለሚሠራው።

አባዬ ስኳር አለበት። ምሳ ላይ ግን ለስላሳ ካልጠጣ የበላ አይመስለውም። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ወደ 9 ይጠጋል። ይህንን በየቀኑ ለእሱ መቅዳት አይታሰብም። "በቃ ውሃ ጠጣ" ማለትም ይቻል ነበር። ግን ስኳር ያለበት ሰው ስንት ነገር ተከልክሎ ነው ማዕድ ላይ የሚቀመጠው! ሌላ ክልከላ ልጨምርበት አልፈለግኩም። ስለዚህ ራሴ መሥራት ጀመርኩ።

ዝንጅብል ልጬ እወቅጣለሁ። ከቀረፋና ከጥቂት ቅርንፉድ ጋር በትንሽ ውሃ አፈላዋለሁ። ሽታው ቤቱን ሲያውደው አውርጄ አጠለዋለሁ። ከቀዘቀዘ በኋላ ሎሚ እጨምቅበታለሁ፤ በስኳር ፈንታ የምጠቀምበት የማጣፈጫ ዱቄትም የሚገባው ያኔ ነው። አስፓርቴምና ሱክራሎዝ የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። አስፓርቴም ሙቀት አይወድም፣ ጣዕሙ ይጠፋል። ሱክራሎዝ ግን ሙቀት ይችላል። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ጠብ አድርጌ፣ በደንብ የቀዘቀዘ አምቦ በጎኑ ቀስ ብዬ እቀዳበታለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ጋዙን ይይዛል፣ የሞቀ ቶሎ ይለቀዋል። ዱቄቱን በቀጥታ አምቦ ላይ እንዳትበትኑት፤ አረፋው ገንፍሎ ጠረጴዛውን ያጥለቀልቀዋል። ሐኪም ጨው ቀንስ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሶዲየም መጠን ይመልከት፤ አምቦ ማዕድን ያለው ውሃ ነው።

አሁን ማጣፈጫው ወደሚሸጥባት ትንሽ ፓኬት እንምጣ። አስፓርቴም ከስኳር 200 እጥፍ ያህል ይጣፍጣል፣ ሱክራሎዝ ደግሞ 600 እጥፍ ያህል። የሚያስፈልገው መጠን ለዓይን እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ከፓኬቱ የሚፈሰው ነጭ ዱቄት አብዛኛው መሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ዴክስትሮዝ ወይም ማልቶዴክስትሪን ይሆናል፤ ሁለቱም የደም ስኳር ከፍ ያደርጋሉ። በአንድ ፓኬት ውስጥ ያለው ከ1 ግራም አይበልጥምና አያስጨንቅም። እየደራረቡ ለሚጨምሩት ግን ማወቁ ጥሩ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ካንሰር ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን 2ቢ የሚባለው ምድብ ውስጥ አስገባው። ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል፣ ማስረጃው ግን ውስን ነው ማለት ነው። ወሬው በአንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ ነገሩ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አይደለም። ከሙሉ የሬት ቅጠል የሚወጣው ጭማቂም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። በዚያው ሰሞን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው ሌላ የባለሙያዎች ኮሚቴ የቀኑን ጣሪያ አልቀየረም፤ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም እንደሆነ ቀረ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዚያ ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ በአስፓርቴም የጣፈጠ ዳይት ለስላሳ መጠጣት አለበት። አባዬ የሚጠጣው አንድ ብርጭቆ ነው። በዚህ በኩል እንቅልፍ አላጣም። ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ያለበት ሰው ግን አስፓርቴምን መራቅ አለበት። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ብዙ ያልተወራለት ነገር ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ በእነዚህ ማጣፈጫዎች አትደገፉ ብሎ መከረ። ምክሩ ቀድሞ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። አጭር ጊዜ የወሰዱ ሙከራዎች ክብደት ትንሽ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉት ጥናቶች ግን አዘውትረው በሚወስዱት ላይ የስኳርና የልብ ሕመም በዛ ብሎ አግኝተዋል። ጥፋቱ የማጣፈጫው ነው ብሎ ለመደምደም ያስቸግራል፤ ዳይት የሚጠጣው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ክብደቱ ያሳሰበው ሰው ነው።

የእኔ እምነት ይሄ ነው፦ ማጣፈጫው ስኳሩን ያስቀራል፣ ምላሳችን ግን ያው ጣፋጭ እንደለመደ ይቀራል። የፋብሪካው ለስላሳ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይጣፍጣል፤ ቤት የምሠራውን ግን እኔ ነኝ የምመጥነው። ማጣፈጫውን ቀስ በቀስ እቀንሳለሁ፣ ዝንጅብሉን ከፍ አደርጋለሁ። አባዬ መጀመሪያ ፊቱን አጨማደደ። አሁን ሰው ቤት ጣፋጭ ነገር ሲቀርብለት "ይሄማ ማር ነው" እያለ ይመልሳል። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ማር ካነሳን አይቀር፣ "ማር እኮ ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም" የሚሉ ዘመዶች አሉን። በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። ማርም ሆነ ብርዝ ግን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ። ስኳር ላለበት ሰው "በሞቴ" እያላችሁ ብርዝ አትቅዱለት፣ እባካችሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዳይት ለስላሳ የለመደ ቤት እውነተኛ ስኳርም ሊኖረው ይገባል። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል። በመለኪያው የደም ስኳሩ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ያኔ ዜሮ የሚል ጠርሙስ ምንም አይረዳውም። ግማሽ ብርጭቆ፣ 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ ስኳር ያለበት ለስላሳ ስጡትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። የእኛ ፍሪጅ በር ላይ አንድ ስኳር ያለበት ለስላሳ ሁልጊዜ አለ። ልጆቹም እንዳይነኩት ተነግሯቸዋል፣ ለምን እንደተቀመጠም ያውቃሉ።