የተወዛዋዦቹስ ስም የታለ?

እንዴት አመሻችሁ! የባሕር ዳር ወጣቶች፣ እናቶችና አባቶች፣ ከሥራ ወጥታችሁ ቤት ሳትገቡ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ወደ ተወዛዋዦቻችን ምርቃት በደህና መጣችሁ።

ፊልሙን አብረን አየን። ፍላሽዳንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ነው። ልጅቷ ፒትስበርግ ውስጥ ቀን ቀን ብረት ትበይዳለች፣ ማታ ማታ መጠጥ ቤት ትደንሳለች፣ ልቧ ያለው ግን የባሌት ዳንስ ትምህርት ቤት ነው። መጨረሻ ላይ ፈታኞቹ ፊት ስትደንስ ይሄ አዳራሽ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ግን ለማን ነው ያጨበጨብነው? ፊቷን ያየነው ተዋናይት ጄኒፈር ቢልስ ናት። አብዛኛውን ዳንስ የደነሰችው ግን ማሪን ጃሃን የምትባል ዳንሰኛ ናት። ያ መሬት ላይ በጀርባ መሽከርከሩ ደግሞ የክሬዚ ሌግስ ነው፣ የኒውዮርክ ብሬክ ዳንሰኛ። አዎ፣ ወንድ ልጅ፣ ዊግ አጥልቆ! የፊልሙ ዘፈን ኦስካር ወሰደ። ፊልሙ ሲወጣ የማሪን ስም መጨረሻ ላይ ከሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

የሆሊውድ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እዚሁ ጣና ዳር አንድ ክሊፕ ሲቀረጽ ነበርኩ። ያሰለጠንኳቸው ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ደንገሉ አጠገብ፣ ረግረጉ ላይ፣ በባዶ እግራቸው። ፀሐይ ሲበረታ ዘፋኙ መኪና ውስጥ ይገባል፣ እነሱ «አንዴ ብቻ ድገሙት» ይባላሉ። አንዷ ትከሻዋ ከመዛሉ የተነሳ ምሳ ሲመጣ ጓደኛዋ ናት ያጎረሰቻት። ክሊፑ ወጣ፣ እሰይ አልን፣ ተሰብስበን መጨረሻውን ጠበቅን። ካሜራ አለ። ኤዲቲንግ አለ። ሜካፕ አለ። መኪናውን ያዋሰው ሰውዬ ሳይቀር «ልዩ ምስጋና» ተጽፎለታል። ተወዛዋዦቹስ? የሉም! መኪናው እኮ ቆሞ ነው የዋለው! የልጅቷ እናት ለጎረቤት «ልጄ ናት» ብላ ስታሳይ «ታዲያ ስሟ የታለ?» ተባለች።

እዚህ የተቀመጣችሁ ዘፋኞችና ክሊፕ ሠሪዎች፣ ከእናንተው ጋር ነኝ። ያለ ተወዛዋዦቹ ትከሻ ዘፈናችሁን ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል? አንድ መስመር ጽሑፍ ስንት ብር ያስወጣል?

ስለ ክፍያም ብዙ ጽፌ ነበር፣ ግን ማይኩን መልስ እያሉኝ ነው። ልጆች፣ ውል ሳትፈርሙ አትወዛወዙ፣ በቃ።

የዛሬዎቹን ተመራቂዎች ዝርዝር ይዣለሁ። ስማችሁን ከነአባታችሁ እጠራለሁ። ቤተሰብ፣ እልልታ እንዳትሰስቱ!