ፔስን ማን ገደለው?

ይበልጣል፦ ሰላም ሰላም፣ ባህር ዳር፣ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላ፣ ሞጣ ያላችሁ ሁሉ እንዴት ከረማችሁ፣ ይበልጣል ነኝ።

ማስተዋል፦ ማስተዋል ነኝ። ቡሬን ረስተሃል፣ ኋላ ኢንቦክስ ገብተው ይሰድቡሃል።

ይበልጣል፦ ቡሬም አለች እሺ። ዛሬ እንግዲህ የምናወራው ጌም የሚሰሩት ሰዎች ራሳቸው የሌላውን ጌም እንዴት ነው የሚያዩት ነው፣ እኛ ፕሌስቴሽን ቤት ተኮልኩለን ከኳስ ጌሞቹ ፊፋ ይሻላል ፔስ ይሻላል እያልን ስንጨቃጨቅ እነሱ ያኔ ምን እያሰቡ ነበር፣ የተፎካካሪያቸውን ቁጭ ብለው ይጫወታሉ ወይስ ንቀው ይተውታል? ዓመት ስንጠራ በፈረንጅ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ማስተዋል፦ ይጫወታሉ እንጂ! ዜልዳ የሚባለውን የኔንቴንዶ ጌም እይ፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድን፣ 2017 የወጣውን። ዳይሬክተሩ ፉጂባያሺ ማይንክራፍትና ቴራሪያ የሚባሉ የሌላ ሰው ጌሞች ተጫውቼ ነው ሀሳብ ያገኘሁት ብሎ በግልፅ ተናግሯል። ኔንቴንዶ እኮ ነው ይሄን የሚለው፣ ከእኛ በላይ ላሳር የሚል ኩባንያ።

ይበልጣል፦ ከዛ ደግሞ እሱን ዞረው ቀዱት።

ማስተዋል፦ ቻይናዎቹ አዎ፣ ጌንሺን ኢምፓክት። ገና በ2019 ሲተዋወቅ የዜልዳ ኮፒ ነው ተብሎ እንዴት እንደተንጫጩ፣ ሻንጋይ ቻይናጆይ ኤግዚቢሽን ላይ አንዱ በንዴት የራሱን ፕሌስቴሽን፣ ፒኤስ ፎሩን፣ መሬት ላይ ከስክሶታል፣ የራሱን!

ይበልጣል፦ ወይ ጉድ፣ ባይፈልገው ለእኛ አይልከውም ነበር?

ማስተዋል፦ ሰሪዎቹ ግን አልካዱም፣ አዎ ከዜልዳ ተነሳስተናል አሉ፣ በ2020 አወጡት፣ ሰውም ተጫወተው። አየህ መውሰድ ራሱ ችግር የለውም። እኛ ሀገር የቅኔ ተማሪ ከዋሸራው መምህር ወደ ጎንጁ ሲዞር የሌላውን ቤት መንገድ ሊሰማ አይደል? ይሰማል፣ ይደነቃል፣ ግን በዓል ቀን የሰው ቅኔ ይዞ ቢቆም ጉባኤው ይስቅበታል። የራሱን መዝረፍ አለበት።

ይበልጣል፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ሁሉም እንደ ፉጂባያሺ አያደንቅም፣ የሚቀናም አለ። ኤልደን ሪንግ የሚባለው ጌም በ2022 ሲወጣ ሪቪው ሁሉ አስርና ዘጠኝ ሲሰጠው ከሌሎቹ ጌም ሰሪዎች ከዩቢሶፍትም ከጌሪላም ያሉ አንዳንድ ዴቨሎፐሮች ትዊተር ላይ ወጥተው ሜኑው እንዲህ ነው፣ ኩዌስቱ፣ ተልዕኮው ማለት ነው፣ አይገባም፣ እንዴት እንዲህ ይወደሳል አይነት ነገር ፃፉ፣ ህዝቡም አልማራቸውም።

ማስተዋል፦ እኔ ግን ትንሽ ታሳዝኑኛላችሁ ነው የምላቸው። ጌሪላን አስበው እስኪ። የሰሩት ሆራይዘን ዜሮ ዶውን ፌብሩዋሪ 28፣ 2017 ወጣ፣ በሶስተኛው ቀን ዜልዳ መጣበት። አምስት ዓመት ለፍተው ሁለተኛውን ፌብሩዋሪ 18፣ 2022 አወጡ፣ በሳምንቱ ኤልደን ሪንግ! ሁለት ጊዜ! እኔ ብሆን ትዊተር ላይ መፃፍ አይደለም ጠበል ነበር የምሄደው።

ይበልጣል፦ (ሳቅ) አንደኛሽን ዘጌ ገዳም ትገቢያለሽ። ግን ማስተዋል፣ የሚገርመኝ እኮ ሰዎቹ ዓመታት ሙሉ የተማሩት ተጫዋቹ እንዳይጠፋ ምልክት አድርግ፣ ዝርዝር ስጠው፣ ወዴት እንደሚሄድ ንገረው ነው፣ ኤልደን ሪንግ ደግሞ የኩዌስት ዝርዝር የሚባል የለው፣ ሂድና ፈልግ ነው የሚልህ፣ እና በሶስት ሳምንት ገደማ 12 ሚሊዮን ሸጠ። ሙያህን ሁሉ ገደል የከተተ ነው የሚመስልህ፣ መናደዳቸው ሰውኛ ነው።

ማስተዋል፦ እሱ ንዴት ነው፣ ያልፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፣ ተፎካካሪህን አይተህ የራስህን ስትጥል። ረዚደንት ኢቭልና ዴድ ስፔስ፣ ሁለቱ ሆረር ማለት አስፈሪ ጌሞች፣ ይሄን ታሪክ በደንብ ስሙኝ።

ይበልጣል፦ ቀጥይ፣ ይሄ የሷ ጌም ነው እናንተ፣ ማታ መብራት አጥፍታ ነው የምትጫወተው።

ማስተዋል፦ መብራቱን ራሱ ያጠፉልኛል ባክህ። ረዚደንት ኢቭል 4 በ2005 ወጣ፣ ካሜራውን ከትከሻ ኋላ አደረገው፣ ጉድ ተባለ። የፊፋው ሰሪ ኢኤ ቤት ያሉ ልጆች እሱን ተጫውተው እኛ ይሄን ጠፈር ላይ እንሰራዋለን አሉ፣ በ2008 ዴድ ስፔስ ሆነ፣ ጥሩ ጌም፣ የራሱ የሆነ፣ ጭንቅላት ሳይሆን እጅና እግር ቆርጠህ ነው የምትገድለው። እስከዚህ ድረስ ቆንጆ ነው። ግን በዛ ሰሞን ገበያውን የያዘው የጦርነት ጌሙ ኮል ኦፍ ዱቲ ነው፣ የሁለቱም አለቆች አይን ወደዛ ሄደ። ረዚደንት ኢቭል 6 በ2012 ፍንዳታ በፍንዳታ ሆኖ መጣ። ዴድ ስፔስ 3 በ2013 ጓደኛ ይዘህ የምትጫወተው፣ በብር እቃ የምትገዛበት ሆኖ መጣ፣ ከኢኤ አለቆች አንዱማ 5 ሚሊዮን አካባቢ ካልተሸጠ ሲሪሱን መቀጠል ያስቸግራል ብሎ ነበር። ሆረር እኮ ነው! ፈሪ ሰው አይገዛውም፣ ማን ሊገዛው ነው?

ይበልጣል፦ ፈሪውን ለማስገባት ማስፈራቱን ቀነሱት በይኛ።

ማስተዋል፦ እሱን ነው የምልህ! የሚፈራው አልመጣ፣ መፈራት የሚወደው ሄደ። ረዚደንት ኢቭል 6 ሽያጩ መጥፎ አልነበረም፣ ሰሪው ካፕኮም ከጠበቀው ግን በታች ነው። እነሱ ቁጭ ብለው አሰቡና በ2017 ሰባተኛውን ጠባብ ቤት ውስጥ አስገብተው እንደገና አስፈሪ አደረጉት፣ ዳኑ። የዴድ ስፔስ ስቱዲዮ ግን በዛው 2017 ተዘጋ። ከዛ በ2023 ጃንዋሪ ላይ የመጀመሪያው ዴድ ስፔስ ሪሜክ፣ እንደ አዲስ ተሰርቶ፣ ወጣ፣ ማርች ላይ የረዚደንት ኢቭል 4 ሪሜክ። ሁለቱም የተመለሱት የት ነው? ከገበያው በፊት የነበሩበት ቦታ።

ይበልጣል፦ እሺ እኔ ደግሞ የኔን ሬሳ ላምጣ። ፔስ። ማርቆስ ስናድግ ፊፋ የሚባል አናውቅም፣ ዊኒንግ ነው፣ ፔስን እንደዛ ነው የምንላት። ቼልሲ ለንደን ኤፍሲ ነው፣ ሊቨርፑል መርሲሳይድ ሬድ፣ እና ግድ የለንም፣ ኳሷ እውነት ነበረች። ፊፋ ሁሉንም ስም በብር ገዝቶ ገደላት፣ በ2018 ቻምፒየንስ ሊግንም ወሰደባት፣ አለቀ።

ማስተዋል፦ በፍፁም! ለንደን ኤፍሲ ሆኖ ነው የወደዳችሁት ብለሃል አሁን በራስህ አፍ፣ ስም አይደለም የገደላት።

ይበልጣል፦ እና ምንድነው?

ማስተዋል፦ የፔስ ሰሪ ኮናሚ ራሱ ነው። በ2013 ለወጣው ፔስ 2014 ኢንጂኑን፣ ጌሙ የሚሰራበትን ሶፍትዌር፣ ቀይረው ዝናብ እንኳ የሌለው ጌም አወጡ። ፊፋዎቹ ደግሞ እነዛን ዓመታት ተኝተው አላሳለፉም፣ የፔስ ሰው ለምን ፔስን እንደሚወድ ገብቷቸው ኳሱን አሻሻሉ፣ በ2009 ደግሞ አልቲሜት ቲምን አመጡ፣ ካርድ መሰብሰቡን፣ ገንዘቡ እዛ እንዳለ ታወቀ። ኮናሚ ያን ገንዘብ አየና ሴፕቴምበር 30፣ 2021 ኢፉትቦል ብሎ በነፃ አወጣ፣ ክለብ ይዘህ የምትመራበት ማስተር ሊግ የለ፣ የተጫዋቾቹ ፊት የቀለጠ፣ የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ላይ ከወጡት ሁሉ መጥፎ ሪቪው ካላቸው ጌሞች አንዱ ሆነ፣ ይቅርታ ጠየቁ። አንተ ፔስን የምትወድላትን ነገር ነው አውጥተው የጣሉት፣ ኢኤ መጥቶ አልጣለላቸውም።

ይበልጣል፦ ...ይቺን አልቀበልም ግን መልስም የለኝም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ፔስ ስትሞት ፊፋም ሰነፈ። አሁን ስሙን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ብለውታል ከ2023 ጀምሮ፣ ስሙ ተቀየረ እንጂ ከዓመት ዓመት የምትገዢው ያንኑ ነው። የሚያሯሩጣቸው የለማ! ስለዚህ ተፎካካሪ ማየት ይገድላል ካልሽ፣ ተፎካካሪ ማጣትም ያደነዝዛል።

ማስተዋል፦ እሷ ላይ እስማማለሁ። ደግሞ ሲሪሱ ሲሰንፍ ተፎካካሪው ከደጋፊ መሀል ይወጣል። ስታርዲው ቫሊን የሰራው ልጅ፣ ኤሪክ ባሮን፣ የእርሻ ጌሙ የሃርቨስት ሙን አፍቃሪ ነበር፣ ጌሙ እየተበላሸ ሲሄድበት ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ቁጭ ብሎ የራሱን ሰራ፣ 2016 አወጣው፣ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከተማ የምትገነባበት ሲቲስ ስካይላይንስም እንዲሁ ነው፣ ተመሳሳዩ ሲምሲቲ በ2013 ሲወድቅ ነው በሩ የተከፈተላቸው።

ይበልጣል፦ ፓብጂንስ? እኔ ለፓብጂዎቹ ነው የማዝነው። ጌሙን የሰሩት በኤፒክ ኢንጂን ነው፣ በአንሪል፣ ለኤፒክ እየከፈሉ ማለት ነው፣ በ2017 ማርች ዓለምን ያዙ፣ ሴፕቴምበር ላይ ያው ኤፒክ ፎርትናይት በሚባለው ጌሙ ውስጥ ባትል ሮያል፣ ብዙ ሰው ተጋድሎ የመጨረሻው የሚያሸንፍበትን እንደ ፓብጂ ያለውን፣ ጨምሮ በነፃ ለቀቀባቸው። አከራይህ አጠገብህ ያንኑ ሱቅ ከፈተ። ኮሪያ ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ ብዙም ሳይቆዩ በ2018 ክሱን ተዉት።

ማስተዋል፦ ምን ብለው ይረቱታል፣ መቶ ሰው ከአውሮፕላን መዝለል የማንም ንብረት አይደለም።

ይበልጣል፦ እኛ ጋስ? አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ ኩኩሉ ብለው የሰሩት አለ አይደል፣ ዶሮዋ ከገበሬው የምታመልጥበት። ሩጫው ከቴምፕል ረን ከሰብዌይ ሰርፈርስ ነው፣ ዶሮዋ ግን የኛ ናት።

ማስተዋል፦ እንደዛ ነው የሚወሰደው። ትልልቅ ሲሪሶቹ ደግሞ አሁን ከመኮረጅ አልፈው መሸሽ ላይ ናቸው። ሲልክሶንግ የሚባለው ጌም በ2025 ኦገስት ላይ በሁለት ሳምንት ውስጥ እወጣለሁ ሲል ስንቱ ትንሽ ስቱዲዮ ቀኑን ቀየረ፣ ባልደርስ ጌት 3 ራሱ ሌላውን ትልቅ ጌም ስታርፊልድን ሽሽት ቀኑን ቀደም አድርጎ ነው ኦገስት 3፣ 2023 የወጣው።

ይበልጣል፦ ጂቲኤ 6 በመጣ ቀንማ ማን አብሮ ሊወጣ ነው።

ማስተዋል፦ ሆረር ነዋ። ሁሉም ሰው በጂቲኤ ማያሚን በሚመስለው ከተማ መኪና ሲነዳ የኔ አይነቱ ደግሞ በባዶ ሜዳ ይሸጥለታል፣ ሀሳብ ነው፣ ጌም የምትሰሩ ካላችሁ ውሰዱት።

ይበልጣል፦ ያን ቀን እኔ ስልኬ ዝግ ነው፣ ኤፒሶድ የለም።