የእባብ ጉድጓድና የሜዲትራኒያን ባሕር፦ ጣሊያን ስደተኞችን ወደ ሊቢያ የመለሰችባቸው ሁለት መንገዶች

ጤና ይስጥልኝ፣ ተመልካቾቻችን። ካለፈው ቪዲዮ በኋላ ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ልካችሁልናል፦ «ስደተኞቹ የተያዙት ባሕር መካከል ነው፤ የጣሊያንን መሬት አልረገጡም፤ ታዲያ ጣሊያን በምን ትጠየቃለች?» ይህ ሳይጠራ ወደፊት መሄድ አይቻልም።

በሜይ 2009 እ.ኤ.አ. 200 ያህል ሰዎችን የጫኑ ሦስት ጀልባዎች ከጣሊያኗ የላምፔዱዛ ደሴት በስተደቡብ 35 የባሕር ማይል ላይ ሳሉ የጣሊያን ጠባቂዎች ደረሱባቸው። ሰዎቹን በጣሊያን ወታደራዊ መርከቦች አሳፍረው፣ ማንነታቸውን ሳያጣሩ፣ ወዴት እንደሚወስዷቸውም ሳይነግሯቸው፣ ከአሥር ሰዓት ጉዞ በኋላ ትሪፖሊ ወደብ ላይ ለሊቢያ ባለሥልጣናት አስረከቧቸው። አንወርድም ቢሉም በግድ አወረዷቸው። ከእነዚህ ውስጥ 13 ኤርትራውያንና 11 ሶማሊያውያን በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ጣሊያንን ከሰሱ።

ፍርድ ቤቱ በ2012 የሰጠው ውሳኔ ለእናንተም ጥያቄ መልስ ነው። በዓለም አቀፍ ውኃ ላይ ያለ መርከብ የሚተዳደረው ሰንደቅ ዓላማውን ባውለበለበለት አገር ሕግ ነው። መሬት መርገጥ አያስፈልግም፤ የጣሊያን መርከብ ላይ የወጣ ሰው በጣሊያን ሥልጣን ሥር ነው። ሰውን ለሥቃይ ወደሚዳረግበት አገር አለመመለስ የሚል መርሕ አለ፤ ጣሊያን ይህን በመጣሷ በሙሉ ድምፅ ተፈረደባት።

«የእባብ ጉድጓድ በባዳ ልጅ እጅ ይለካል» ይባላል። ለኪው የጉድጓዱን ጥልቀት ማወቅ ይፈልጋል፤ መነደፍ ግን አይፈልግም። ስለዚህ የራሱን ልጅ ከኋላው አድርጎ የሌላውን ልጅ እጅ ይሰዳል። የተሰደደው እጅ የባዳ ነው፤ ፈቃዱ ግን የለኪው ነው፤ እባቡ እንዳለም ያውቃል። ከፍርዱ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። በ2017 ጣሊያን ከሊቢያ ጋር ተስማምታ ለሊቢያ የባሕር ጠባቂዎች ጀልባ ሰጠች፤ ሥልጠናም ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ሰዎችን ከባሕር ላይ ይዞ የሚመልሰው የሊቢያ እጅ ሆነ።

በኖቬምበር 2017 ጣሊያን የሰጠቻት አንዲት የሊቢያ ጀልባ ባሕር ላይ ሰዎችን ይዛ ስለነበር፣ በኋላ በጣሊያን ላይ ሌላ ክስ ቀረበ። በ2025 ያው ፍርድ ቤት፣ ጣሊያን በቦታው ሥልጣን አልነበራትም ብሎ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ ስህተት ነው። ጀልባውን የሰጠው መንግሥት የተያዙት ሰዎች የት እንደሚታጎሩ ያውቅ ነበር፤ ገንዘብ አዋጥተን፣ ዘመዶቻችንን ከሊቢያ ማጎሪያዎች ያስለቀቅን ሁሉ ይህን እናውቃለን።