ከባትሪ ክፍል ወደ ፊውል ሴል፦ እየሠሩ ለሚማሩ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የማታው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ከመካከላችሁ ጄኔሬተር ስትጠግኑ ውላችሁ፣ የባትሪ ክፍል ስትፈትሹ አምሽታችሁ፣ እጃችሁን ታጥባችሁ በቀጥታ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም ቀን ቀን የቴሌኮም ማማዎችን መጠባበቂያ ኃይል እየጠገንኩ፣ ማታ ማታ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚሠራው ፊውል ሴል፣ ማለትም ሃይድሮጂንንና ኦክስጅንን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጨው መሣሪያ፣ አጠና ስለነበር፣ ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀን ሥራችሁን በር ላይ ትታችሁ አትግቡ።

ቴክኖሎጂው የትናንት አይደለም። ዌልሳዊው ዊልያም ግሮቭ የመጀመሪያ ሙከራውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን፣ እኛ የምናጠናው ባለ ሜምብሬን (ፕሮቶን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው) ዓይነት ደግሞ በ1965 በአሜሪካው ጄሚናይ 5 መንኮራኩር ጠፈር ደርሷል። አሠራሩም ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሃይድሮጂኑ ምላሹን የሚያፋጥነው ብረት፣ ፕላቲነሙ፣ ላይ ሲደርስ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ሆኖ ይለያያል፣ ፕሮቶኑ ሜምብሬኑን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ኤሌክትሮኑ ግን በዚያ መንገድ ስለማያልፍ በሽቦ ዞሮ አምፖላችንን አብርቶ ይሄዳል፤ በማዶም ሁለቱ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ።

በ25 ዲግሪ ሴልሽየስ አንድ ሴል በስሌት 1.23 ቮልት ሊሰጥ ሲገባው፣ ጭነት ሲሸከም አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ነው። የቀረው ወዴት ሄደ? በእኔ ግምት የዚህ ትምህርት ግማሹ ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ስትፈልጉም ደጋግማችሁ የምትደርሱት ውሃ ላይ ነው። ሜምብሬኑ ካልረጠበ ፕሮቶን በደንብ አያሳልፍም፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ ኦክስጅን የሚገባባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። በመጀመሪያው የስሌት ሥራዬ ላይ የሴሉን ሙቀት 80 ዲግሪ፣ የአየሩን ግፊት 101 ኪሎፓስካል ብዬ ከመጽሐፍ እንዳለ ገለበጥኩ። መምህሬ ወረቀቱን አይተው፣ «ይህን ማሽን የምትተክለው የት ነው?» አሉኝ። 101 የባሕር ወለል ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ግፊቱ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። የናፍጣ ጄኔሬተር ከፍታ ላይ ጉልበቱ እንደሚቀንስ ለዓመታት እያየሁ፣ ያንኑ እውቀት ማታ ይዤው አለመምጣቴ አሳፈረኝ።

ሒሳቡን እንየው። በ80 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ በረጠበ አየር ውስጥ የውሃው ትነት ብቻ 47 ኪሎፓስካል ይወስዳል። በባሕር ወለል ላይ ለደረቁ አየር 54 ይተርፋል፤ ከእሱም አንድ አምስተኛው፣ ማለትም ወደ 11 የሚጠጋው፣ ኦክስጅን ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን የሚተርፈው 30 ስለሆነ ኦክስጅኑ ወደ 6 ይወርዳል። ሙቀቱን ወደ 60 ዲግሪ ብናወርደው ትነቱ 20 ብቻ ይሆንና ኦክስጅኑ ወደ 12 ይመለሳል። ይህ በነጻ አይገኝም፤ የኬሚካሉ ምላሽ ይዘገያል፣ ከአካባቢው አየር ጋር ያለው የሙቀት ልዩነት ስለሚጠብ ማቀዝቀዣውም ይቸገራል። በኮምፕሬሰር አየሩን እናምቀው ብትሉም፣ ኮምፕሬሰሩ የሚበላው ሴሉ ካመነጨው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱም እናንተ ናችሁ።

ስለ ደኅንነትም እንዲሁ ከባዶ አትጀምሩም። ሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂን ስለሚወጣው የባትሪ ክፍል ማናፈሻ ይደረግለታል፤ ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ሲደርስ ሊቀጣጠል እንደሚችል በክፍል ውስጥ ስትሰሙ፣ ያን ማናፈሻ ስንት ጊዜ ቆሞ እንዳገኛችሁት ታስታውሳላችሁ።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እያንዳንዳችሁ የምትሠሩበትን ቦታ ከፍታና የአየር ግፊት ጽፋችሁ ኑ። ከአዳማ የመጣውና ከደብረ ብርሃን የመጣው ሰው አንድ ዓይነት መልስ ካመጡ፣ አንዳቸው ከመጽሐፍ ገልብጠዋል ማለት ነው። አመሰግናለሁ።